ኤም-ፔሳ፦ ብድር መክፈያ ሆኖ ተነድፎ ገንዘብ መላኪያ ሆኖ የወጣው ፕሮዳክት

ኬንያ ውስጥ በሞባይል ስልክ ገንዘብ መላኪያ ሆኖ ስለወጣው ኤም-ፔሳ ሲወራ ቴክኖሎጂው ይቀድማል። ቴክኖሎጂው ግን ያን ያህል የሚያስደንቅ አልነበረም፤ በሲም ካርድ ላይ የተጫነ አጭር ሜኑ፣ በሚስጥር ኮድ የሚሄድ አጭር መልእክት፣ ከጀርባ ደግሞ ሂሳብ የሚይዝ ሰርቨር። በ2005 ከእነዚህ አንዱም አዲስ አልነበረም። ፕሮዳክት ማኔጀር ቁጭ ብሎ ሊያየው የሚገባው ሌላውን ነው፦ ከሙከራው በኋላ ምን እንደተጣለ፣ ታሪፉ ምን ሥራ እንዲሠራ ታስቦ እንደተቀረጸ፣ ወኪሉ በምን ጥቅም እንደተያዘ፣ ያው ፕሮዳክት ድንበር ሲሻገር ለምን እግሩ እንደተሳሰረ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ሐሳብ ከየት መጣ

በ2003 ገደማ የቮዳፎን ባልደረባ የነበረው ኒክ ሂውዝ ሞባይል ስልክ በታዳጊ አገሮች የገንዘብ አገልግሎት ማዳረሻ ሊሆን ይችላል ብሎ ተነሳ። በትልቅ የቴሌኮም ኩባንያ ውስጥ እንዲህ ያለ ሐሳብ ከኔትወርክ ማስፋፊያ ጋር ለአንድ በጀት ቢሻማ አያሸንፍም። ስለዚህ ገንዘቡ ከውጭ ተፈለገ። የብሪታንያ መንግሥት የልማት መሥሪያ ቤት የነበረው ዲፊድ በውድድር ከሚሰጠው ፈንድ ወደ 1 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ድጋፍ ሰጠ፤ ቮዳፎንም በበኩሉ ተመጣጣኙን በሰው ኃይልና በወጪ ሸፈነ።

የገንዘቡ ምንጭ ፕሮዳክቱ ላይ ማኅተሙን አሳርፏል። ፈንዱ የቆመው የፋይናንስ ተደራሽነትን ለማስፋት ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ተደራሽነት ሲባል የሁሉም ሐሳብ ወደ ማይክሮፋይናንስ ይሄድ ነበር። የመጀመሪያው ኤም-ፔሳም አነስተኛ ብድር በስልክ መስጫና መክፈያ ሆኖ ተነደፈ። በእርዳታ ገንዘብ የሚጀመር ፕሮዳክት ላይ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ለፈንዱ የተጻፈው ማመልከቻ ሳይታወቅ የፕሮዳክቱ ዝርዝር መግለጫ ሆኖ ይቀራል።

በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ብዙ ነበሩ። ኔትወርኩና ደንበኛው የኬንያው ቴሌኮም ኩባንያ የሳፋሪኮም ነው። ብድሩን የሚሰጠው ፋውሉ ኬንያ የተባለው ማይክሮፋይናንስ ነው። የደንበኞች ገንዘብ የሚቀመጠው በኮሜርሻል ባንክ ኦፍ አፍሪካ ነው። ሶፍትዌሩን የሠራው የእንግሊዙ ሳጀንሺያ ነው። ሥራውን መሬት ላይ እንድትመራ በ2005 መጀመሪያ ናይሮቢ የተላከችው ሱዚ ሎኒ የገጠማት የመጀመሪያ ፈተና የእነዚህ ፍላጎት አንድ አለመሆኑ ነበር። ሳፋሪኮም ደንበኛው ከኔትወርኩ እንዳይወጣ ይፈልጋል። ፋውሉ የብድር አሰባሰብ ወጪ እንዲቀንስለት ይፈልጋል። ለጋሹ ድሃው እንዲደረስ ይፈልጋል። ባንኩ ከማዕከላዊ ባንኩ ጋር እንዳይጋጭ ይጠነቀቃል። አራቱንም እኩል የሚያስደስት ፕሮዳክት ወረቀት ላይ ይሠራል፤ ሱቅ ውስጥ ግን አይሠራም።

ሙከራው

ሙከራው ኦክቶበር 2005 ተጀምሮ እስከ ሜይ 2006 ቆየ። 8 ወኪል ሱቆች፣ ከ500 የማይበልጡ የፋውሉ ደንበኞች፤ ቦታዎቹ የናይሮቢ መሐል ከተማ፣ ማታሬ የተባለው የጭርንቁስ መንደር እና ከናይሮቢ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለችው ቲካ። ለተሳታፊዎቹ ስልክ ተሰጣቸው። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ለተያዘው ዓላማ ልክ ነበር፤ እያንዳንዱን ደንበኛ በስም ማወቅ፣ እያንዳንዱን ስህተት ከምንጩ መከታተል ይቻላል። ከ5,000 ሰው ጋር ቢጀመር ኖሮ ዳሽቦርድ (የቁጥሮች ማጠቃለያ ስክሪን) ይታያል እንጂ ሰው አይታይም።

ከኤም-ፔሳ በፊት የፋውሉ አሠራር እንዲህ ነበር። ተበዳሪዎች በቡድን ይደራጃሉ፤ አንዱ ላንዱ ዋስ ነው። ቡድኑ በየሳምንቱ ይሰበሰባል፣ ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ገንዘብ ያዡ ብሩን ይዞ ባንክ ይሄዳል። እቁብና የቡድን ብድር የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ሥዕሉ ወዲያው ይመጣለታል። በአዲሱ አሠራር ብድሩ በስልክ ይገባል፤ ደንበኛው ወኪል ሱቅ ሄዶ ጥሬ ገንዘብ ያስገባና በሜኑው ለፋውሉ ይከፍላል።

የተበላሸው ነገር በሦስት በኩል መጣ።

አንደኛው ሥልጠና ነው። ደንበኞቹ ብዙዎቹ አጭር መልእክት ልከው የማያውቁ ነበሩ። ፒን ይረሳሉ፤ ቀስ ብለው ሲጽፉ ሜኑው ጊዜው አልፎበት ይዘጋል፤ ከተዘጋ በኋላ ገንዘቡ ይሂድ አይሂድ አያውቁም። አንድ ደንበኛ ለማሠልጠን የሚወጣው ጊዜ በንድፉ ላይ ከተገመተው እጅግ የበለጠ ሆነ።

ሁለተኛው ሂሳብ ማስታረቅ ነው፤ ከሦስቱ ከባዱም ይኸው ነበር። ኤም-ፔሳ «ከዚህ ቁጥር ይህን ያህል ለፋውሉ ተከፍሏል» ይላል። የፋውሉ መዝገብ ግን የተሠራው በቡድን፣ በስብሰባ ቀን እና በብድር ቁጥር ነው። ሁለቱ ሲስተሞች አይነጋገሩም። ስለዚህ የኤም-ፔሳው ሪፖርት በሰው እጅ ወደ ፋውሉ መዝገብ መገልበጥ ነበረበት። ደንበኛው ሁለት ሽልንግ አጉድሎ ቢከፍል፣ ወይም የሁለት ሳምንቱን ባንዴ ቢከፍል፣ ወይም በሚስቱ ስልክ ቢከፍል፣ ሂሳብ ሠራተኛው ተቀምጦ መርማሪ ይሆናል። በብዙ መቶ ሰው ይህ ራስ ምታት ነው፤ በመቶ ሺህ ሰው ግን ሥራውን ያቆመዋል።

ሦስተኛው ማንም ያላሰበው ነው። ክፍያው በስልክ ካለቀ ቡድኑ ለምን ይሰበሰባል? ለማይክሮፋይናንሱ ደግሞ ስብሰባው የዋስትናው ሕይወት ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ዓይን ለዓይን የሚያየው እዚያ ነው። ቅልጥፍና ተብሎ የገባው ነገር የአጋሩን የብድር ዋስትና ከሥሩ መሸርሸር ጀመረ።

ሰዎቹ የሠሩት ሌላ ሥራ

በአንጻሩ ሙከራው ላይ ያሉ ሰዎች ያልተነገራቸውን ሲያደርጉ ታዩ። ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ በኤም-ፔሳቸው የአየር ሰዓት ይገዛሉ። አንዱ የሌላውን ብድር በስልክ ይከፍልለትና ሰውየው በአገልግሎት ወይም በዕቃ ይመልስለታል። ነጋዴው ማታ ሱቁን ሲዘጋ የቀኑን ገንዘብ ወኪል ዘንድ ያስገባል፤ ጠዋት ያወጣል። መንገደኛው ከመነሳቱ በፊት አስገብቶ ከሰዓታት በኋላ ሲደርስ ሌላ ከተማ ላይ ያወጣል፤ መንገድ ላይ ቢዘረፍ ኪሱ ባዶ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ገንዘብ ለሰው ይልካሉ።

ብዙ ቡድን እንዲህ ያለውን አጠቃቀም «ከታሰበው ውጭ» ብሎ በሪፖርቱ አባሪ ላይ ያስቀምጠዋል። እዚህ ግን ሁለቱ ዝርዝሮች ጎን ለጎን ተቀመጡ፦ በአንድ በኩል የታቀደውና በየቀኑ የሰው ጉልበት የሚበላው፣ በሌላ በኩል ማንም ሳያስተምር፣ ማንም ሂሳብ ሳያስታርቅ የሚሄደው። ከሰው ለሰው መላክ ሲስተሙ ውስጥ ተጀምሮ ሲስተሙ ውስጥ ያልቃል፤ የሦስተኛ ወገን መዝገብ አይነካም። ለማስፋት የሚመቸው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነበር።

ውሳኔው፦ ማይክሮፋይናንሱ ከፕሮዳክቱ ይውጣ፤ አገር አቀፉ አገልግሎት ገንዘብ መላኪያ ይሁን። ወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የተጣለው ለጋሹ የከፈለበት ዓላማ፣ የአጋሩ ድርሻ እና የመጀመሪያው ንድፍ እምብርት ነው። የማስታረቁን ችግር በሶፍትዌር እንፍታው የሚል አማራጭም ነበር፤ ለፋውሉ መፍታት ግን ለፋውሉ ብቻ መፍታት ነው፤ ቀጣዩ ማይክሮፋይናንስ ሌላ ዓይነት መዝገብ ይዞ ይመጣል። በእኛ ግምት በጉዳዩ ውስጥ ትልቁ የፕሮዳክት ሥራ ይህ ነው፤ ሁሉም ደስ የሚለውን ፊቸር፣ ማለትም አንዱን የፕሮዳክቱን አገልግሎት፣ ማስወጣት።

ማርች 2007 አገልግሎቱ በመላ ኬንያ ሲከፈት መፈክሩ «ገንዘብ ወደ ቤት ላክ» የሚል ነበር። ናይሮቢ ሠርቶ አገር ቤት ያሉ ወላጆቹን የሚጦር ሰው በሚሊዮን ይቆጠራል፤ ገንዘቡን የሚልከው በአውቶቡስ ሾፌር፣ በሚያውቀው መንገደኛ ወይም በፖስታ ቤት ነበር። የባንክ ሂሳብ የነበረው ከአምስት አዋቂ አንዱ ቢሆን ነው። ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ደህንነት ማስታወቂያው አላነሳም።

ሜኑው

ሲጀመር ደንበኛው ያይ የነበረው ይህን ነበር፦ ገንዘብ ላክ፣ ገንዘብ አውጣ፣ የአየር ሰዓት ግዛ፣ የእኔ ሂሳብ። በቃ። ሂሳብ መክፈያው እንኳ የተጨመረው በ2009 ነው።

ለመላክ የተቀባዩ ስልክ ቁጥር፣ መጠኑ፣ ፒኑ ይገባል፤ ከዚያ ስክሪኑ የገባውን መልሶ አሳይቶ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ወዲያው ለላኪውም ለተቀባዩም መልእክት ይደርሳል፤ በላኪው መልእክት ላይ የግብይቱ መለያ፣ የተላከው መጠን፣ የቀረው ሂሳብ አለ። ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ሲወጣም መልእክቱ ለደንበኛውና ለወኪሉ ይመጣል፤ ወኪሉ የመንግሥት መታወቂያ አይቶ፣ በወረቀት መዝገብ ላይ ጽፎ፣ ደንበኛውን አስፈርሞ ነው ጥሬ ገንዘብ የሚሰጠው። ያ ደብተር ኋላ ቀር ይመስላል። ነገር ግን ኔትወርክ ሲቆራረጥና ክርክር ሲነሳ የመጨረሻው ማስረጃ እሱ ነው፤ ደንበኛው ደግሞ የፈረመበት ነገር ላይ እምነት ይጥላል።

በሲም ካርዱ ላይ መሠራቱ ማንኛውም ርካሽ ስልክ ላይ እንዲሠራ አስችሎታል፤ ዋጋው የድሮ ሲም ያላቸውን ደንበኞች ሲም መቀየር ነበር። በመልእክት መስመር መሄዱም የራሱን ጣጣ አመጣ። መስመሩ ሲጨናነቅ ማረጋገጫው ይዘገያል፤ ደንበኛው «አልሄደም» ብሎ እንደገና ይልካል፤ ከዚያ ሁለቱም ይደርሳሉ። ቁጥር ተሳስቶ ለማያውቁት ሰው መላክም ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረ ስህተት ነው። ስክሪኑ «አረጋግጥ» ሲል የሚያሳየው ራሱ ደንበኛው የጻፈውን ቁጥር ስለሆነ ዓይን አይቶ ያልፈዋል። የተቀባዩ ስም ከመላኩ በፊት እንዲታይ የተደረገው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ቀድሞ መግባት የነበረበት ፊቸር ካለ እሱ ነው።

ታሪፉ እንዴት እንደሚሠራ

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነበረው ታሪፍ በኬንያ ሽልንግ ይህ ነው። አንድ ዶላር ያኔ 70 ሽልንግ አካባቢ ነበር።

- መመዝገብና ገንዘብ ማስገባት፦ ነፃ
- ለተመዘገበ ሰው መላክ፦ መጠኑ ምንም ይሁን 30
- ላልተመዘገበ ሰው መላክ፦ እስከ 2,500 ድረስ 75፤ እየጨመረ ሄዶ ከ20,001 እስከ 35,000 ላለው 400
- የተመዘገበ ሰው ሲያወጣ፦ እስከ 2,500 ድረስ 25፤ እየጨመረ ሄዶ ከ20,001 እስከ 35,000 ላለው 170
- ያልተመዘገበ ሰው ሲያወጣ፦ ነፃ
- ቀሪ ሂሳብ መጠየቅ፦ 1

ያኔ በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ከ100 አያንስም፣ ከ35,000 አይበልጥም ነበር፤ ሂሳብ ውስጥ የሚቀመጠው ጣሪያ 50,000 ነበር።

አንድ ልጅ ለእናቱ 1,000 ሽልንግ ይልካል እንበል። እናት ከተመዘገቡ ልጁ 30 ይከፍላል፣ እሳቸው ሲያወጡ 25፤ ድምሩ 55። ካልተመዘገቡ ኮድ ያለበት መልእክት ይደርሳቸዋል፣ ሱቅ ሄደው በነፃ ያወጣሉ፤ ልጁ ግን 75 ይከፍላል። በድምር ልዩነቱ 20 ሽልንግ ብቻ ነው። ለልጁ ግን ልዩነቱ 45 ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ወር ደውሎ «እማዬ፣ ሱቁ ጋ ሄደሽ ተመዝገቢ» የሚለው እሱ ራሱ ነው። ሳፋሪኮም መንደር ለመንደር የሚዞር መዝጋቢ መቅጠር አላስፈለገውም።

ይህ ታሪፍ የኔትወርክ ፕሮዳክቶችን ሁሉ የሚገጥመውን ችግር ነው የፈታው። ተቀባይ ከሌለ ላኪ አይመጣም፤ ላኪ ከሌለ ተቀባይ ለምን ይመዘገባል? ላልተመዘገበ መላክ በመፈቀዱ የመጀመሪያው ደንበኛ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለማንም መላክ ይችላል። ተቀባዩ በነፃ ማውጣቱ ደግሞ የመጀመሪያ ልምዱን አሳመረለት፤ ምንም ሳይከፍል፣ ምንም ሳይሞላ እጁ ላይ ጥሬ ገንዘብ ያያል።

የ1 ሽልንጓም ነገር ሳትጠቀስ ማለፍ የለባትም። ቀሪ ሂሳብ በየግብይቱ መልእክት ላይ በነፃ ስለሚመጣ ደንበኛው ለብቻው መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ነፃ ቢሆን ግን በየሰዓቱ የሚጠይቅ ሰው መስመሩን ያጨናንቀዋል። ገቢ ለማግኘት ሳይሆን ጭነት ለመቀነስ የተቀመጠ ዋጋ ነው።

ወኪሉ

አገልግሎቱ በ750 ገደማ ሱቆች ነው የተከፈተው፤ በጊዜው የነበሩትን 69 የወረዳ ዋና ከተሞች በሙሉ ይሸፍናሉ። መጀመሪያ ናይሮቢን ማጥገብ ይቀል ነበር፤ ግን ናይሮቢ ያስገባው ገንዘብ የሚወጣው ገጠር ነው። በአንድ ጫፍ ብቻ ሱቅ ያለው ገንዘብ መላኪያ ጥቅም የለውም።

ወኪሉ ሁለት ዓይነት ገንዘብ ይይዛል፤ መሳቢያው ውስጥ ጥሬ ገንዘብ፣ ስልኩ ላይ አስቀድሞ የገዛው ፍሎት የሚባል የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ። ደንበኛ ሲያስገባ ጥሬው ይጨምራል ፍሎቱ ይቀንሳል፤ ሲያወጣ ተቃራኒው። ድምሩ አይለወጥም፣ ሚዛኑ ግን በየቀኑ ያዘነብላል። ከተማ ላይ የሚያስገባው ስለሚበዛ ፍሎት ያልቃል፤ ገጠር ላይ የሚያወጣው ስለሚበዛ ጥሬ ገንዘብ ያልቃል። ሁለቱም ሲያልቁ ደንበኛው የሚሰማው አንድ ቃል ነው፦ «የለም»። ሁለት ጊዜ «የለም» የተባለ ሰው ሦስተኛ አይመጣም፤ ጥፋቱን የሚያሳርፈውም በወኪሉ ላይ ሳይሆን በኤም-ፔሳ ላይ ነው።

መፍትሔው ከሶፍትዌር ውጭ ነበር። በመጀመሪያ ወኪል ለመሆን ቢያንስ ሦስት ሱቅ ያስፈልግ ነበር፤ በአንዱ ያለቀው በሌላው እንዲሸፈን። በኋላ ፍሎትና ጥሬ ገንዘብ የሚለዋውጡ ባንኮች በሱፐር ወኪልነት ገቡ። ያም ሆኖ ገንዘቡን ከከተማ ወደ ገጠር በአካል የሚያጓጉዝ ሰው አልቀረም።

ኮሚሽኑ ላይ ሁለት የታሰበባቸው ነገሮች አሉ። ወኪሉ አንድ ደንበኛ ሲመዘግብ 80 ሽልንግ ያገኝ ነበር፤ 40ው ሲመዘገብ፣ 40ው ግን ደንበኛው መጀመሪያ ገንዘብ ሲያስገባ ነው። ሁሉም ሲመዘገብ ቢከፈል ኖሮ ወኪሉ የመንደሩን ሰው ሁሉ መታወቂያ ሰብስቦ ይመዘግብና ባዶ ሂሳብ ይሞላ ነበር። ሁለተኛው የገንዘቡ ክፍፍል ነው። ለአነስተኛ ግብይት ሳፋሪኮም ለወኪሎቹ ሰንሰለት ሲገባ 10፣ ሲወጣ 15 ሽልንግ ገደማ ይከፍል ነበር፤ ሱቁ ትልቁን ድርሻ፣ ሱቆቹን የሚያስተዳድረው ዋናው ወኪል ቀሪውን ይወስድ ነበር። በላይኛው ምሳሌ ከ55ቱ 25ቱ ወደ ወኪሎች፣ 30ው ወደ ሳፋሪኮም ይሄዳል ማለት ነው። ማስገባት ለደንበኛው ነፃ ቢሆንም ለኩባንያው ነፃ አይደለም፤ አስገብቶ ምንም ሳይሠራበት ከሚያወጣ ደንበኛ ትርፍ አይገኝም።

ኮሚሽን ባለበት ደግሞ ብልጠት አለ። ኮሚሽኑ በግብይት ስለሚቆጠር አንዳንድ ወኪሎች አንዱን ትልቅ ማስገቢያ ለሁለትና ለሦስት ከፋፍለው ያስገቡ ጀመር። ከዚህ የባሰው በሰው ሂሳብ ላይ ማስገባት ነው። ላኪው ሱቅ ይሄድና የራሱን ሳይሆን የተቀባዩን ቁጥር ሰጥቶ ያስገባል፤ ማስገባት ነፃ ስለሆነ 30 ሽልንጓን አይከፍልም፣ ወኪሉ ኮሚሽኑን ያገኛል፣ ሁለቱም ደስተኛ ናቸው። ሳፋሪኮም ክፍያውን ያጣል፤ የላኪው ማንነትም ከመዝገብ ይጠፋል። ክልከላና ቁጥጥር ተደረገበት፤ ማስገባት ነፃ ሆኖ መላክ እስካስከፈለ ድረስ ግን ፈተናው ከታሪፉ ውስጥ የሚወጣ አይደለም።

ሕጉ

ሳፋሪኮም ባንክ አይደለም። ስለዚህ በስልክ ላይ ለሚታየው እያንዳንዱ ሽልንግ ተመጣጣኝ ጥሬ ሽልንግ በአደራ ሂሳብ ባንክ ተቀመጠ፤ ሳፋሪኮም ሊያበድረውም ሊነግድበትም አይችልም። ማዕከላዊ ባንኩ በዚህ አደረጃጀት ላይ ተቃውሞ እንደሌለው ከመከፈቱ በፊት በደብዳቤ ገለጸ። በ2008 መጨረሻ ባንኮች ቅሬታ አሰምተው በፋይናንስ ሚኒስቴሩ ትእዛዝ ምርመራ ሲደረግ አገልግሎቱን ከመዘጋት ያዳነው ይህ አደረጃጀት ነው። ተቆጣጣሪውን መጨረሻ ላይ በፊርማ ብቻ የሚያስታውስ ቡድን ቢሆን ኖሮ አገልግሎቱ ያኔ ይዘጋበት ነበር።

ቁጥሮቹ

በመጀመሪያው ወር ከ20,000 በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2007 መጨረሻ ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። በ2008 መጀመሪያ ከምርጫው በኋላ በተነሳው ግጭት ባንኮች ሲዘጉና መንገድ ሲቆረጥ በናይሮቢ ሰፈሮች ውስጥ መውጫ ላጡ ዘመዶች ገንዘብና የአየር ሰዓት የደረሰው በኤም-ፔሳ ነበር። በ2010 መጀመሪያ ደንበኛው 9 ሚሊዮን፣ ሱቁ ወደ 17,000 ደረሰ።

የተመዘገበ ቁጥር ግን አታላይ ነው፤ እኛም አገር በየሪፖርቱ የሚጠራው እሱ ነው። የኤም-ፔሳን ጤንነት ለማወቅ የሚያስፈልጉት ሌሎች ናቸው፦ በወር ውስጥ አንዴ እንኳ የተጠቀመው ስንት ነው፣ ላልተመዘገበ የሚላከው ድርሻ እየቀነሰ ነው ወይ፣ አንድ ሱቅ በቀን ስንት ግብይት ይሠራል፣ ስንት ጊዜስ «የለም» ይላል። ሦስተኛው ቁጥር በተለይ ሁለት አፍ አለው። ሱቅ በፍጥነት ሲጨመር ለደንበኛው ይቀርባል፤ ለወኪሉ ግን ገበያው ይከፋፈላል፣ ኮሚሽኑ የሱቅ ኪራይ አይሸፍንም፣ ፍሎት መያዙን ይተወዋል።

የተጣለው ብድር ሲመለስ

ኖቬምበር 2012 ሳፋሪኮምና ያው ኮሜርሻል ባንክ ኦፍ አፍሪካ ኤም-ሽዋሪን ከፈቱ። ከኤም-ፔሳ ሜኑ ውስጥ ቁጠባና ብድር፤ ብድሩ የ30 ቀን፣ የአገልግሎት ክፍያው 7.5 በመቶ። በ2006 የወጣው ፊቸር ከስድስት ዓመት በኋላ ተመለሰ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የቡድን ዋስትና የለም፤ ብድሩ የሚወሰነው ደንበኛው በስልኩና በኤም-ፔሳው ባለው ታሪክ ነው። የሚገለበጥ መዝገብም የለም፤ ብድሩ የሚሰጠውም የሚከፈለውም በአንድ ሲስተም ውስጥ ነው። በሙከራው ጊዜ ብድሩን የገደሉት ሁለቱም ምክንያቶች ጠፍተዋል፤ ያጠፋቸው ደግሞ በመካከል የተሠራው ገንዘብ መላኪያ ነው። ክፍያው ግን ቀላል አይደለም፤ 7.5 በመቶ በወር ሲሰላ በዓመት ምን ያህል እንደሚሆን ለተበዳሪው የሚነግረው ሜኑ የለም።

ድንበር ሲሻገር

በ2008 ቮዳኮም ታንዛኒያ ያንኑ ፕሮዳክት ከፈተ። ከ14 ወራት በኋላ ተጠቃሚው 280,000 ገደማ ነበር፤ ኬንያ በተመሳሳይ ጊዜ 2.7 ሚሊዮን ደርሳ ነበር። ሶፍትዌሩ ያው ነው። ነገር ግን ቮዳኮም በገበያው ላይ የሳፋሪኮምን ያህል ድርሻ አልነበረውም፤ ስለዚህ ተቀባዩ ሌላ ኔትወርክ ላይ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። አገሩ ሰፊ፣ ሰዉ የተበታተነ ነው፤ ሱቅ መመልመልና መከታተል ይከብዳል። ወኪል የሚያሰባስቡ ድርጅቶች ሲገቡና አሠራሩ ሲለወጥ ነው የተነሳው።

ደቡብ አፍሪካ የባሰ ነው። በ2010 ከኔድባንክ ጋር ሲከፈት የታለመው 10 ሚሊዮን ደንበኛ ነበር፤ በ2016 ሲዘጋ የቀሩት ንቁ ተጠቃሚዎች 76,000 ናቸው። እዚያ ብዙው ሰው ባንክና የባንክ ካርድ አለው፤ ገንዘብ ወደ ቤት ለመላክ ሱፐርማርኬት ይበቃል። ኬንያ ላይ ችግር የነበረው ነገር እዚያ ችግር አልነበረም። 10 ሚሊዮን የሚለውን ግብ ያወጣው ክፍል የኬንያን ቁጥር አይቷል፤ የደቡብ አፍሪካን ደንበኛ አላየም።

ኢትዮጵያ ሲደርስ

ኤም-ፔሳ ኢትዮጵያ የገባው ኦገስት 2023 ነው፤ በሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በኩል። እዚህ ግን የመጀመሪያው አይደለም። ኤም-ብርና ሄሎካሽ የተባሉት የስልክ ገንዘብ አገልግሎቶች ቀድመው ነበሩ፤ ቴሌብር ደግሞ ከሜይ 2021 ጀምሮ በኢትዮ ቴሌኮም ሰፊ ደንበኛ ላይ ተዘርግቷል። ኬንያ ላይ ሳፋሪኮም ትልቁ ነበር፤ እዚህ አዲስ የገባ ነው። ስለዚህ የ75 ሽልንጓ ዘዴ አትሠራም። ላኪው «ተመዝገቢ» ከማለት «ቴሌብር አለሽ አይደል?» ቢል ይቀለዋል። ዘግይቶ ለገባ ዋናው ጥያቄ ከሌላው ዋሌት (የስልክ ገንዘብ ሂሳብ) እና ከባንክ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ነው፤ የአገሪቱ የክፍያ ማገናኛ የሆነው ኢት-ስዊችና ከባንኮች ጋር የሚደረገው ቀጥታ ትስስር ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ይወስናሉ።

የፊቸሩ ቅደም ተከተልም ተለውጧል። ቴሌብር በ2022 ከዳሸን ባንክ ጋር መላ፣ እንደኪሴና ሳንዱቅ የተባሉትን የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶች ሲከፍት ገና ሁለተኛ ዓመቱን መያዙ ነበር። ለኬንያ ስድስት ዓመት የፈጀው ለኢትዮጵያ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ፈጀ፤ መንገዱ በሌሎች ተጠርጓልና የሚያስነቅፍ አይደለም። የሚያሳስበው ወኪሉ ነው። ብድር በስልክ ከተሰጠ በኋላ ሰውየው ብሩን በጥሬው ይፈልገዋል። ቡና በሚለቀምበት ወቅት ጅማ ወይም ይርጋ ጨፌ ዙሪያ ያለ ወኪል በገበያ ቀን ስንት ሰው እንደሚያወጣ፣ መሳቢያው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚራቆት፣ በቅርቡ ያለው ባንክ ፍሎቱን ወደ ጥሬ ገንዘብ ለመለወጥ ምን ያህል እንደሚያስጠብቀው ከዋና መሥሪያ ቤት ዳሽቦርድ ላይ አይታይም። ግብይቱ ስላልተፈጸመ ሲስተሙ አይመዘግበውም። «የለም» ተብለው የተመለሱትን ለመቁጠር ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ሰው ልኮ በገበያ ቀን ሱቁ በር ላይ ማስቆም።